የተዋስኩት ፊት

በ1984 ዓ.ም. ነው፤ ጋና የምንለው የመጋቢትና የሚያዝያው ዝናብ ነጌሌን ገና ማራስ ሲጀምር። ባለቤቴ ወታደር ነበር። ባለፈው ግንቦት ካምፑ ሲበተን ከጓደኞቹ ጋር በእግሩ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው አልተሰማም። ልጄ ሕይወት ገና ጡት አልጣለችም። አባቴ በአስተማሪነት ከሰሜን የመጣ ሰው ነው፤ እኔ ግን እዚሁ ተወለድኩ፣ እዚሁ አደግኩ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም አፌን ፈታሁ። በዚያ ዝናብ አንድ ክሊኒክ ጓሮ ውስጥ፣ ሰው ሠራሽ እግር ለሚሠራበት ክፍል የጽዳት ሠራተኛ ይፈለጋል ተባለና ተቀጠርኩ። ደመወዙ ትንሽ ነበር። ለልጄ ግን አላነሰም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ደምሴ ይባሉ ነበር። ቀድሞ በጦሩ የኪነት ቡድን ውስጥ ፊት የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ለድራማ ሽማግሌ ሲፈለግ ወጣቱን ያስረጃሉ፤ ቁስለኛ ሲፈለግ ጤነኛውን ያቆስላሉ። ጦሩ ሲበተን የኪነት ቡድኑም ተበተነ። እሳቸው ነጌሌ ቀሩና እግር መሥራት ጀመሩ። ጀሶው ያው ጀሶ ነው ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ወለል እየጠረግኩ ሳለ አባ አደም ገቡ። የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። በሞያሌ መንገድ ላይ ፈንጂ የግራ እግራቸውን ከጉልበት በታች ወስዶባቸዋል። ለአዲሱ እግር ልክ መወሰድ አለበት፤ የጋሽ ደምሴ ረዳት ግን ለቅሶ ሄዷል።

"አንቺ ልጅ" አሉኝ ጋሽ ደምሴ፤ "ልጅሽን አውርጂና ነይ፣ ጀሶውን ያዢልኝ።"

አባ አደም ከላይ እስከ ታች አዩኝ። መጥረጊያው ገና በእጄ ነበር።

"ደምሴ፣ ይቺን ያመጣሃት የቀረችኝንም እግር እንድትጠርግልኝ ነው?"

ጋሽ ደምሴ አልሳቁም። ሥራ ላይ አይስቁም። እጃቸውን በሞቀ ውሃ ታጠቡ፣ አደረቁ፣ ከዚያ አባ አደም ፊት ለፊት ተቀመጡ።

"አባ አደም፣ ጉልበትህን ልዋስ?"

"ውሰድ። ፈንጂውማ ሳይጠይቅ ነው የወሰደው።"

በሕይወቴ መጀመሪያ የነካሁት ልክ የአባ አደም ጉልበት ነው። አጥብቄ ይዤው ነበር፤ ጀሶው ሲደርቅ የጣቶቼ ምልክት ቀረበት። ጋሽ ደምሴ አይተው አላጠፉትም። እግሩ ተሠርቶ አባ አደም ቆመው ሲራመዱ "ከውስጥ የዚች ኢንተላ ጣት አለበት፣ ይኮረኩረኛል" ብለው ክፍሉን አሳቁት። ኢንተላ ማለት ልጅት ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም።

ፊት መሥራት የጀመርኩት በጉዞ ላይ ነው። ከጽሕፈት ቤቶች እየመጡ ለሕዝብ ትምህርት ድራማ እናሳያለን፣ ቁስል ሥሩልን ይሉ ጀመር። ስለ ፈንጂ፣ ስለ ቃጠሎ፣ ስለ በሽታ። ጋሽ ደምሴ እኔን ይዘው ይሄዱ ነበር፤ ቡሌ ሆራ፣ ወደራ፣ ሞያሌ። ልጄን አዝዬ እሄዳለሁ። አበሉ ሲመጣ ይመጣል፣ ሳይመጣ ሲቀር ይቀራል።

ያን ጊዜ ቁስሉ የሚሠራበት ጄላቲን በነጌሌ የሚሸጥ አልነበረም። ጋሽ ደምሴ ራሳቸው ያበስሉት ነበር። ከልኳንዳ የቆዳ ቁርጥራጭና ጅማት ያመጣሉ። ፀጉሩን በምላጭ ይላጩታል፤ ጨው የነካውን ይጥላሉ። ከዚያ በረመጥ ላይ ቀኑን ሙሉ ያቆዩታል። መንተክተክ የለበትም፤ ከተንተከተከ ይሸታል፣ መያዝም አይችልም። በጥሩ ጨርቅ ያጠሉታል፣ ከፋርማሲ የመጣ ግሊሰሪን ይጨምሩበታል፣ ቀለሙን በጥቂት ዱቄት ያስተካክላሉ። ሲቀዘቅዝ እንደ ጮማ ይረጋል። ሊሠሩበት ሲሉ በሞቀ ውሃ ውስጥ አድርገው ያቀልጡትና በብሩሽ ይቀቡታል። ሙቀቱን በእጄ አንጓ ላይ ጠብ አድርጌ እለካው ነበር፣ የሕይወትን ወተት እንደምለካው። ትልቁ ነገር ጠርዙ ነው። በሞቀ ውሃ በራሰ ብሩሽ እየዳበሱ፣ እየዳበሱ፣ የሰው ቆዳ የት አልቆ የእኛ የት እንደጀመረ እስኪጠፋ ድረስ። "ጠርዙ ከታየ ሥራ አልሠራሽም" ይሉኝ ነበር።

ድስቶቹ ሁለት ነበሩ። የአንዱ እጀታ ላይ ቀይ ክር፣ የሌላው ላይ አረንጓዴ ክር ታስሯል። ቀዩ ከክርስቲያን ልኳንዳ የመጣ ነው፣ አረንጓዴው ከሙስሊም ልኳንዳ። በእኛ አገር አንዱ ሌላው ያረደውን አይቀምስም። ጄላቲኑ የሚበላ ባይሆንም የቆላው ሙቀት ከጉንጭ አቅልጦ ወደ አፍ ያወርደዋል። ስለዚህ ሁለት ድስት፣ ሁለት ብሩሽ፣ ሁለት ማጥለያ። ጋሽ ደምሴ ተዋናዩን ያስቀምጡና "ፊትህን ልዋስ?" ይላሉ። እሺ ሲላቸው "ከየትኛው ድስት?" ይላሉ። ዓመታት የሚያውቁትን ሰው እንኳ፣ ማተቡ ከአንገቱ የሚታየውን ሰው እንኳ ይጠይቁታል።

አንድ ቀን "ያውቁታል እኮ፤ ለምን ይጠይቁታል?" አልኳቸው።

"እኔ ባውቅ ለእሱ ምን ይጠቅመዋል? ፊቱ የእሱ ነው" አሉኝ።

የገባኝ መስሎኝ ነበር።

ሌላው ልማዳቸው መመለስ ነው። ድራማው ሲያልቅ ተዋናዩን ራሳቸው ያጥቡታል፣ መስታወት ይሰጡታል፣ "ፊትህን መልሻለሁ" ይሉታል። ይህ ሳይሆን ምሳ አይበሉም። ወደራ ላይ በገበያ ቀን ስለ ቃጠሎ ድራማ ስናሳይ፣ አንዲት ቅቤ ሻጭ የተዋናዩን የተቃጠለ ጉንጭ አይታ አላስቻላትም። ከሰው መሀል ዘላ ወጣችና ከቅሏ ቅቤ ዝቃ ጉንጩ ላይ ለጠፈችበት። ድራማው እንዲያውም ቃጠሎ ላይ ቅቤ አታድርጉ የሚል ነበር። እሷ ስታሸው ጄላቲኑ ተላቀቀና በእጇ ላይ ቀረ።

"ፊቱ መጣ! ኧረ ፊቱ መጣ!" ብላ ጮኸች።

ገበያው ሊበተን ነበር። ጋሽ ደምሴ ተዋናዩን በርጩማ ላይ አስቀምጠው፣ በሕዝቡ ፊት፣ ቀስ ብለው አጠቡት። ከሥር ደህናው ጉንጭ ሲወጣ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እልል አለ። ሴትዮዋ ብቻ አልሳቀችም።

"የእሱን ፊት ከመለሳችሁ የእኔን ቅቤ መልሱ" አለች።

ጋሽ ደምሴ ለቅቤው ከኪሳቸው ከፈሏት። ስንመለስ በመኪና ላይ "ትክክል ናት" አሉኝ።

ቀስ በቀስ የቪዲዮ ፊልም ዘመን መጣ። ከአዲስ አበባ እየመጡ ይወስዱን ጀመር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሐዋሳ ላይ ብቻዬን አንዲት ወጣት ተዋናይ አስረጀሁ። የዓይኗን ዙሪያ፣ አንገቷን፣ የእጇን ጀርባ። መስታወቱን ስሰጣት ለረጅም ጊዜ አየችና "እናቴን አመጣሽብኝ" አለች። እናቷ አርፋ ነበር። ከዚያ ቀረጻው እስኪያልቅ ማታ ማታ ፊቷን ሳጥብላት ቀስ በዪ ትለኝ ነበር። ይህ ሥራ ምን እንደሆነ የገባኝ በእሷ ነው።

ጋሽ ደምሴ በ1994 ክረምት በሳንባ ሕመም አረፉ። ልጠይቃቸው ስሄድ ሁለቱን ድስቶች ከአልጋቸው ሥር አስወጥተው ሰጡኝ። "ድስቶቹን አደራ" አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ነፍሳቸውን ይማር፤ እንጀራ የሰጡኝ ሰው ናቸው።

አሁን ልናገረው የተነሣሁበት ነገር ላይ ደርሻለሁ።

በ1999 ዓ.ም. ሐጋያ፣ የመስከረምና የጥቅምቱ ዝናብ በዘገየበት ጊዜ፣ ዮናስ የሚባል ወጣት ዳይሬክተር ከአዲስ አበባ ወደ ነጌሌ መጣ። ታሪኩ የአንድ ሾፌር ነው። ሾፌሩ በሞያሌ መንገድ መኪናው ተቃጥሎበት፣ ፊቱ ተበላሽቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ቤተሰቡ አያውቁትም። ዮናስ ተዋናይ ይዞ ነበር የመጣው። ሻይ ቤት ተቀምጦ አባ አደም ሲያወሩ ሲሰማ ግን ያመጣውን ተዋናይ መለሰው።

አባ አደም ያን ጊዜ ሸምግለዋል። መንዳት ካቆሙ ቆይቷል። ጠዋት ጠዋት ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ፤ ያለፈ ሰው ሁሉ "አካም፣ ናጋ?" ይላቸዋል፣ እሳቸውም ለእያንዳንዱ አንድ ቀልድ አላቸው። እኔን ሲያዩኝ ሻይ ያዝዙልኛል። "የግመል ወተት ይጨመርልሽ?" ይሉኛል። እኛ ክርስቲያኖች የግመል ወተት እንደማንጠጣ ማን ያጣዋል? "ይቅርብኝ አባ አደም" እላለሁ። እንዲህ ነበርን።

ፊልሙን እሠራለሁ አሉ። "ግን ፊቴን የምትነካው ይቺ ኢንተላ ናት" አሉት ዮናስን። "ድስቴን ታውቃለች።"

ቀረጻው ከሞያሌ በዚህ በኩል፣ ቆላው ውስጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ እጄን በሞቀ ውሃ ታጥቤ ፊት ለፊታቸው እቀመጣለሁ።

"አባ አደም፣ ፊትዎን ልዋስ?"

"ውሰጂ። እንዳትሸጪው ብቻ።"

"ከየትኛው ድስት?"

"ከአረንጓዴው። ቀዩን ለቄሶቹ ተዪው።"

በማግስቱ ሌላ ቀልድ ነው። አንድ ቀን "ዛሬ የትኛው ይጥማል?" አሉ። አንድ ቀን "ሦስተኛ ድስት የለሽም? የሾፌር?" አሉ። እኔ ሥራ ላይ እንደ ጋሽ ደምሴ አልስቅም ነበር፤ እሳቸው ሳያስቁኝ ግን አይተዉኝም። ሲያልቅ አጥባቸዋለሁ፣ መስታወት እሰጣቸዋለሁ። "ያው ነው፣ አልተሻሻለም" ይላሉ።

የቀረው የመጨረሻው ትዕይንት ብቻ ነበር፤ ሾፌሩ ወደ ተቃጠለው መኪናው ተመልሶ ሲያለቅስ። የተቃጠለው መኪና በውሰት የመጣ አሮጌ ነው፤ ባለቤቱ በዚያው ቀን ሊወስደው ነው። ገና ሳይነጋ በአይሱዙ ስንሄድ ደረቅ ወንዝ ስንሻገር መኪናው ዘለለ። ለሥራው አስቀድሜ ያቀለጥኩት አረንጓዴው ድስት ከሣጥኑ ወጥቶ ተገለበጠ። በአሸዋው ላይ ፈሰሰ። ቀዩ እንዳለ ነበር።

አዲስ ለማብሰል አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል፤ ልኳንዳ ያለበት ከተማም ሩቅ ነው። ለዮናስ ነገርኩት። ወደ ጎን ወሰደኝ።

"እትዬ አስካለ፣ ድስት ድስት ነው። ክሩን ቀይሪው።"

"አላደርገውም።"

"ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ። እግዚአብሔርም ያውቃል።"

"እንግዲያው ሌላ ነገር ፈልጊ። ፀሐይዋ እየወጣች ነው። ይህ ትዕይንት ከሌለ ፊልም የለንም።"

አልዋሸሁም። እስከ ዛሬ በዚያ አላፍርም። ሌላ ነገር ፈለግኩ። ከሣጥኔ ውስጥ ከሙጫ ለቃሚዎች የገዛሁት የግራር ሙጫ ነበር፤ ጠርዝ ለማያያዝ በጥቂቱ እጠቀምበታለሁ። በውሃ አሟሟሁት፣ የእንቁላል ነጭና ዱቄት ጨመርኩበት። ክንዴ ላይ ሞከርኩት፤ በጠዋቱ ቅዝቃዜ ለስላሳ ነበር። የማንም እርድ የለበትም። ደስ አለኝ። ሁለቱንም አደራ የጠበቅኩ መሰለኝ።

አባ አደም በርጩማው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። እጄን ታጠብኩ። ጥድፊያ ነበረብኝ። የምጠይቅበት ድስት ስለሌለ ጥያቄውን ዘለልኩት፤ "ፊትዎን ልዋስ?" የሚለውንም አብሬ ዘለልኩት። እሳቸው አፋቸውን ከፈት አድርገው ነበር፣ ቀልድ ሊናገሩ እንዳሰቡ ሁሉ። ከዚያ ዘጉት። ቀባኋቸው።

ቀረጻው ተጀመረ። ፀሐይዋ በረታች። ጄላቲን ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ሙጫ ሲሞቅ ይደርቃል፣ ሲደርቅም ይሰበሰባል። ከካሜራው ኋላ ቆሜ የግራ ዓይናቸው የታችኛው ሽፋን ቀስ እያለ ወደ ታች ሲሳብ አየሁ። ቀዩ ውስጡ ታየ። እንባቸው ይወርድ ጀመር።

"አቁሙ!" አልኩ።

ዮናስ ዝም እንድል በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ዓይኑን ከካሜራው አላነሣም። አባ አደም ጥርሳቸውን ነክሰው የተቃጠለውን መኪና በር ይዘው ቆመዋል። አላጉረመረሙም። ሰው ሁሉ ያይ ነበር። አንዳንዱ ያለቅስ ነበር።

ሲያልቅ ሮጬ ሄድኩ። ውሃ ያስፈልገኛል፣ ብዙ ውሃ፤ ቀስ ብሎ ማራስ፣ መጠበቅ። ጀሪካኑ ባዶ ነበር። ውሃውን የአይሱዙው ሾፌር ለራዲያተር ወስዶታል። በጠርሙስ የተረፈችውን ጠብታ ሰጡኝ፤ ከእንቁላሉ ጋር እንደ ሸክላ የደረቀውን የላይ ላዩን እንኳ አላራሰችውም። ወደ ከተማ ይዘናቸው ስንሄድ መንገዱ ያንገጫግጨን ነበር። ላባቸው ከሥር ሲመጣ ሙጫው ተሰነጣጠቀ፤ በተሰነጠቀበት ሁሉ ቆዳቸውን ይዞ ተነሣ። ጭንቅላታቸውን በጉልበቴ ላይ አድርጌ ይዤ ነበር። በነጠላዬ ጫፍ ደሙን እጠርጋለሁ። የእመቤቴን ስም እጠራለሁ።

"ዲሲ፣ ተዪው" ይሉኝ ነበር። "ተዪው ኢንተላ። መንገድ ያመጣው ነው።"

ክሊኒክ ደረስን። ቁስሉ አመረቀዘ፣ ከረመ፣ በመጨረሻ ዳነ። ጠባሳው ግን የዓይናቸውን ሽፋን ወደ ታች ስቦ አስቀረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራ ዓይናቸው ሲያነባ ይኖራል። ሲስቁም ያነባል። ጋሽ ደምሴ ቢኖሩ ምሳ አልበላም ይሉ ነበር። እኔም ያን ቀን አልበላሁም። ያ ግን ለምን ይጠቅማል?

ፊልሙ ወጣ። ሰው ወደደው፤ ከሁሉም በላይ ያን ትዕይንት ወደደው። በእሱ ምክንያት ሥራ በዛልኝ። አዲስ አበባ ጠሩኝ፣ ሐዋሳ ጠሩኝ፤ ልጄን አስተማርኩበት። በሄድኩበት ሁሉ "ያን ዓይን እንዴት ሠራሽው?" ይሉኛል። "እውነተኛ ቁስል ነው፣ ጎድቻቸው ነው" እላለሁ። ይስቃሉ። ትሕትና ይመስላቸዋል። አንድ ጊዜ ደጋግሜ ስነግረው "የሙያ ምስጢርሽን አትናገሪ፣ ገባኝ" ያለኝ አለ። ከሠራሁት ሁሉ የተመሰገንኩበት ያልሠራሁት ነው።

አባ አደም አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም። ቅባት ይዤ ስሄድ ሻይ ያዝዙልኛል። "የግመል ወተት ይጨመርልሽ?" "ይቅርብኝ።" ሰው ስለ ዓይናቸው ሲጠይቃቸው "ይቺ ተውሳኝ ነው፣ ትመልሳለች" ይላሉ። እስቃለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አብሮኝ አይገባም።

ባለፈው ዓመት ሥራ አቆምኩ። እጄ ጠርዝ ማጥፋት አልችል አለ። ሙያውም ተለውጧል። ልጄ ሕይወት አዲስ አበባ ቁስል በኮምፒዩተር ትሠራለች፤ የማንንም ፊት አትነካም። "እማ፣ የማጥበው ሰው የለኝም" ትለኛለች። እሰይ ብያታለሁ። ከውጭ የመጣ ሲሊኮንም ላከችልኝ፤ ከእንስሳ ያልተሠራ፣ በሙቀት የማይቀልጥ። ሁለቱ ድስቶች መደርደሪያ ላይ ናቸው።

የነጌሌ ወጣቶች ስንብት እናድርግልሽ ብለው ከሰዓት በኋላ ያንን ፊልም በአዳራሽ አሳዩ። አባ አደም በልጃቸው ተደግፈው መጡ፣ ከፊት ተቀመጡ። በጣም አርጅተዋል። ሲያልቅ ወጣቶቹ ከበቡኝ።

"እማማ፣ ያቺን ዓይን እንዴት ሠሯት?"

"አልሠራኋትም። እውነተኛ ናት።"

እንደ ልማዱ ሳቁ።

"ሳቁ!" አሉ አባ አደም ከኋላዬ። "ዓይኗ እዚሁ አለች። ኑ፣ ንኳት።"

ዞረው አዩዋቸው። ሳቁ ቆመ። አንዱ ካሜራ ይዞ የነበረው ቀስ ብሎ አወረደው። አንድ በአንድ ሄዱ። ሁለታችን ደጅ፣ በግድግዳው ጥላ ሥር ቀረን። አባ አደም ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጫፍ እያደረቁ፣ እሑድ የልጅ ልጃቸው ኒካህ መሆኑን ነገሩኝ። "ሙሽራዋ አያቴ አለቀሰ ትላለች። ሙሽራውም ጠላኝ ይላል" ብለው ሳቁ።

ያን ጊዜ ስንት ዓመት ያልጠየቅኩትን ጠየቅኩ።

"አባ አደም፣ ያን ቀን ጠዋት አረንጓዴው ፈሷል፣ ቀዩ ብቻ ነው ያለኝ ብልዎት ኖሮ ምን ይሉኝ ነበር?"



"አላውቅም።"

"እንዴት አያውቁም?"

"አልተጠየቅኩማ።"



"መፍሰሱን ያውቁ ነበር?"

"አይሱዙው ላይ አልነበርኩም እንዴ? አረንጓዴ ክሩን አሸዋው ላይ አይቼዋለሁ። እስኪ ምን ትለኝ ይሆን ብዬ ተቀመጥኩ። ቀልድም አዘጋጅቼ ነበር። ዝም ብለሽ ጀመርሽ።"

"ቀዩን አይፈቅዱም ብዬ ነው። ሃይማኖትዎን ላከብር ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ ኢንተላ። አክብረሽኛል።" ዓይናቸውን ጠረጉ። "ምናልባት ቀዩን ቀቢኝ ብዬ አፌን እዘጋ ነበር። ምናልባት ዮናስን ነገ ና እለው ነበር። ምናልባትም እንቢ ብዬ ሻይ ጠጥቼ ወደ ቤቴ እገባ ነበር። ማን ያውቃል? እኔም አላውቅም።"

ልጃቸው መጥቶ ይዟቸው ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ኪዳን አደረስኩ። ቤቴ ተመልሼ ሕይወት ከላከችልኝ ሲሊኮን አንዲት ቁራጭ ያዝኩ፤ ዓይናቸውን ከሥር ደግፋ ለአንድ ቀን እንባውን ልታቆም የምትችል፣ ቀጭን። የሞቀ ውሃ በፔርሙዝ፣ ሳሙና፣ ንጹሕ ፎጣ። ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

"አካም፣ ናጋ?"

"ናጋ።"

ውሃውን ቀድቼ እጄን ታጠብኩ፣ አደረቅኩ። ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ምን እንደያዝኩ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ምን እንደምታደርግ ነገርኳቸው።

"አባ አደም፣ ፊትዎን ልዋስ?"

ቁራጯን ተቀብለው በጣታቸው መሀል አገላበጧት። መንገዱን አዩ። እኔን አዩ። ግራ ዓይናቸው ያነባ ነበር፤ ፊታቸው ግን ሰፋ አለ።

"እንቢ" አሉ።

"እሺ" አልኳቸው። ቁራጯን መልሼ በፎጣው ጠቀለልኩ። የታጠብኩበትን ውሃ በራቸው ላይ ባለችው ሎሚ ሥር አፈሰስኩ። በልቤ ተመስገን አልኩ።

ሻይ እንዲመጣልኝ ወደ ውስጥ ተጣሩ። ሻዩ መጣ። አጠገባቸው የወተት ቅል ነበር፤ አነሡት።

"የግመል ወተት ልጨምርልሽ?"

"ይቅርብኝ፣ አባ አደም።"

ቅሉን መልሰው አስቀመጡት። ሻዬን ጠጣሁ።